ግራው ይይዛል፣ ቀኙ ያንሸራትታል፦ ወጥ ያልሆነ የድራግ ትራክ ላይ እንዴት ይነዳል?

አንዲት መኪና የድራግ ትራክን፣ ማለትም ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ሩብ ማይል (402 ሜትር) በቀጥታ የሚሮጡበትን ሜዳ፣ በግራው መስመር በ13.4 ሰከንድ ትጨርሳለች። ግማሽ ሰዓት ቆይታ በቀኙ ስትሮጥ 13.7 ይሆናል። ሞተሩ ያው፣ ጎማው ያው፣ ሾፌሩም ያው። ሾፌሩ ግን ኮፈኑን ከፍቶ ካንዴላ መንቀል ይጀምራል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ችግሩ ያለው ከጎማው ሥር ነው።

ከተመልካች መቀመጫ ሲታይ ትራኩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን መነሻው ጋ ሶል የሚነቅል ሙጫ አለ። ትንሽ ራቅ ሲል ሽፋኑ ተልጦ ባዶ ኮንክሪት የወጣበት ቦታ ይገኛል። ወደ መጨረሻው ደግሞ ከተራ መንገድ ብዙም የማይሻል አስፋልት ሊሆን ይችላል። መኪናችሁ በ13 ሰከንድ ውስጥ ይህን ሁሉ ታልፋለች።

ይህ መመሪያ የመንገድ መኪናውን ወይም በመጠኑ ያሻሻለውን መኪና ይዞ ለሙከራ ምሽት (ማንም የራሱን መኪና አምጥቶ ለሚሮጥበት ማታ) ለሚሄድ ሰው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ሜካኒክስቪል ያለው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ቅርባችን ነው። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ባሕሬን ሳኪር ላይ፣ ዶሃ እና አቡ ዳቢ ያስ ማሪና ላይ ትራክ አለላችሁ። የትም ብትሆኑ ዋናው ሐሳቤ አንድ ነው፦ መኪናችሁን ትራኩ ላይ ላለው ምርጥ ቦታ አታዘጋጁ። ለመጥፎው ቦታ አዘጋጁ። መነሻው ላይ የምታተርፉትን አምስት መቶኛ ሰከንድ 30 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ ከከፈላችሁ ምን ዋጋ አለው?

ትራኩን ምን ያለያየዋል?

የትራክ ሠራተኞች ከውድድር በፊት ሙጫ መሰል ፈሳሽ በአልኮል በጥብጠው ይረጫሉ። ቪኤችቲ እና ፒጄ1 የሚባሉት በጣም የታወቁት ናቸው። ከዚያ ትራክተር ላይ በታሰሩ ጎማዎች እየጎተቱ መሬቱ ላይ የጎማ ሽፋን ያስይዛሉ። ፈሳሹ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ መነሻው ላይ በደንብ ይረጫል፣ ወደ መጨረሻው እየሳሳ ይሄዳል። ትልቅ ውድድር በሚኖርበት ቀን የሚደረገው ዝግጅትና የሮብ ማታ የሙከራ ዝግጅትም አንድ አይደለም። ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ትራክ እናንተ ከምትነዱበት ጋር ስሙ ብቻ አንድ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር መሬቱ ራሱ ነው። ብዙ ትራኮች መነሻቸው ኮንክሪት ሆኖ፣ 330 ወይም 660 ጫማ ላይ (100 ወይም 200 ሜትር ገደማ) አስፋልት ይጀምራል። መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ጉብታ አይጠፋም። ኖርዝ ካሮላይና ያለው ዚማክስ ድራግዌይ አራት መስመር ያለው፣ እስከ ሩብ ማይሉ (402 ሜትር) ድረስ ኮንክሪት የሆነ ትራክ ነው። እንደሱ ያለው ግን ብዙ አይደለም።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ከሰዓት በኋላ የተመልካቹ መቀመጫ ወይም የመቆጣጠሪያው ማማ አንዱ መስመር ላይ ጥላ ይጥላል። አንዱ መስመር ሲቀዘቅዝ ሌላው ይግላል። አራተኛው የፈሰሰ ዘይት ነው። የአንድ ሰው ሞተር ሲፈነዳ ሠራተኞቹ ያጸዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ እንደገና ይረጫሉ። ያም ሆኖ ቦታው ቀኑን ሙሉ እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ነፋስ ያመጣው ስስ አሸዋ አለ። ብዙ መኪና ሲሄድበት ከዱካው ላይ ይጠረጋል፣ ከዱካው ውጭ ግን እንዳለ ይቀመጣል።

ይህ የጀማሪ ጭንቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካው ትልቁ የድራግ ውድድር ማኅበር ኤንኤችአርኤ በሚያዘጋጀው የፕሮፌሽናል ውድድር ባለፈው ዙር የፈጠነው ሾፌር መስመር የመምረጥ መብት ያገኛል። ለሽልማት የሚሰጥ ነገር ዋጋ አለው ማለት ነው።

1. ከቤት ሳትወጡ

ትክክለኛ የጎማ ነፋስ መለኪያ፣ ትንሽ የነፋስ መሙያ፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ከቻላችሁም በጨረር የሚሠራ ቴርሞሜትር ያዙ። ክሪክና የቸርኬ ቁልፍም አይጠፋችሁ። በኤንኤችአርኤ ሕግ መኪናችሁ ሩብ ማይሉን 13.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች የምትገባ ከሆነ የራስ ቁር ግዴታ ነው። ከዚያ በላይ ብትገባም አድርጉት።

ከሞተሩ ሥር የሚንጠባጠብ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱን አሠሩ። የሌላው ሰው ዘይት የሚያናድዳችሁን ያህል የእናንተም ሌላውን ያናድዳል። ፍተሻ ላይም አያሳልፏችሁም።

2. ቆማችሁ እዩ

ሰው ሁሉ ደርሶ ወዲያው ሰልፍ ይገባል። እናንተ አትቸኩሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ከመነሻው ኋላ፣ ተመልካች እንዲቆም በተፈቀደበት ቦታ ሆናችሁ ቢያንስ አሥራ አምስት ያህል መኪና ሲነሳ ተመልከቱ።

ፈጣኖቹን ለመዝናኛ እዩአቸው። ለትምህርት ግን የእናንተን የሚመስሉትን ተከታተሉ። ትልልቅ የውድድር ጎማ ያለው መኪና ቀጥ ብሎ የሄደበት ቦታ በመንገድ ጎማ ለምትሄዱት ምንም አይነግራችሁም። እናንተ የፊት ጎማ የሚነዳ ሲቪክ ከያዛችሁ፣ ሌላ ሲቪክ ወይም ኮሮላ ሲመጣ ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ የመኪናው ጭራ የት ላይ ወደ ጎን ይወረወራል? አንድ መኪና ቢወረወር የሾፌሩ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ሦስት መኪና አንድ ቦታ ላይ ከተወረወረ ግን ጥፋቱ የመሬቱ ነው። ሁለተኛ፣ ድምፁን ስሙ። ጎማ ሲያመልጥ የሞተሩ ድምፅ ከመኪናው ፍጥነት ቀድሞ በድንገት ይጮሃል። ይህን ዓይናችሁን ጨፍናችሁም መለየት ትችላላችሁ። ሦስተኛ፣ መሬቱን እዩ። ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሽፋኑ አለ። ደብዘዝ ያለ ግራጫ ከሆነ ተልጧል። በጥቁሩ መሐል እንደ ቆዳ የተገለበጠ ነገር ካያችሁ ሽፋኑ እየተነሳ ነውና ከዚያ ቦታ ራቁ።

የሰሌዳውን ሰዓት ደግሞ በሁለት ዓምድ ጻፉ፣ ግራና ቀኝ አድርጋችሁ። አንድ መኪና በሁለቱም መስመር ሲሮጥ ካገኛችሁ ከዚያ የተሻለ መረጃ የለም።

ሠራተኞቹንም ጠይቁ። መነሻው ላይ ቆሞ ሲያስነሳ የሚውለው ሰው ሁሉን ያያል። ሥራ ላይ እያለ አታቋርጡት። ፋታ ሲያገኝ ግን «የትኛው መስመር ይሻላል?» ብትሉት ደስ ብሎት ይነግራችኋል።

3. ሙቀቱን ለኩ

ሳትጠይቁ ትራኩ ላይ አትግቡ። ከተፈቀደላችሁ መነሻውን በሁለቱም መስመር፣ የግራውንም የቀኙንም ጎማ ዱካ ለኩ። ካልተፈቀደ ተራ ደርሷችሁ ስትጠጉ ከመስኮት ሆናችሁ የምታገኙት ቁጥርም ከምንም ይሻላል።

እንደ ሻካራ መመሪያ፣ የትራኩ ሙቀት ከ27 እስከ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን አብዛኛው ጎማ ደህና ይሠራል። አሜሪካኖቹ ከ80 እስከ 110 ፋራናይት ይሉታል። ከ55 ሴልሺየስ ሲያልፍ ሙጫውና የጎማው ሽፋን ለስልሶ እንደ ቅባት ያንሸራትታል። በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሽፋኑ ይደርቃል፣ ጎማውም አይጣበቅም።

ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይረባም። የሚረባው ልዩነቱ ነው። ግራው መስመር 38፣ ቀኙ 49 ከሆነ ትራኩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንድ መስመር ውስጥ የግራ ጎማው ዱካ በጥላ፣ የቀኙ በፀሐይ ከሆነ ደግሞ መኪናው ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ ከወዲሁ እወቁ።

4. መስመርና ዱካ ምረጡ

ሙከራ ምሽት ላይ ብዙ ጊዜ መስመር መምረጥ ይቻላል፣ ወይም ሰልፉ ውስጥ ቦታ በመቀየር ይገኛል። እኔ ብሆን የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በአንድ መስመር ብቻ እሮጣለሁ። መስመር እየቀያየራችሁ መኪናም እያስተካከላችሁ ከሆነ የትኛው ለውጥ ምን እንዳመጣ አታውቁትም።

መስመር ማለት ግን ሰፊ ነገር ነው። ውስጡ ሁለት ጥቁር ዱካ አለ፤ ሌሎች መኪኖች ደጋግመው የሄዱበት። ጠባብ የመንገድ ጎማችሁ ከዱካው ግማሽ ጎማ ያህል ወጣ ካለ አንዱ ጎማ ሙጫ ላይ፣ ሌላው ባዶ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ወደ መነሻው ስትጠጉ ቀጥ ብላችሁ ግቡ። አጣማችሁ ገብታችሁ መጨረሻ ላይ መሪ ማቃናት አይሠራም። አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ በእጁ ግራ ቀኝ እያለ ቢመራችሁ በጣም ጥሩ ነው።

አንድ ጎማ ብቻ ሲይዝ ምን ይሆናል? ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚያዞር የታሰረ ዲፈረንሻል ካላችሁ የያዘው ጎማ ይገፋል፣ ያልያዘው ይሽከረከራል፣ መኪናውም ወዳልያዘው በኩል ይዞራል። የግራው ከያዘ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ተራ ዲፈረንሻል ካላችሁ ደግሞ ጉልበቱ ባልያዘው ጎማ በኩል ባዶውን ይባክናል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ግን ቀስ ብሎ ይሄዳል። ጀማሪ ከሆናችሁ ሁለተኛው እንደ ውርደት አይታያችሁ። ቢያንስ ግድግዳ ጋ አይወስዳችሁም።

ሞተሩ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማ የሚነዳ፣ ወጥ የኋላ አክሰል ያለው መኪና ሌላም ጣጣ አለበት። ሲነሳ የሚዞረው ዘንግ አክሰሉን ያዘነብለዋል። በዚህ ምክንያት የቀኙ የኋላ ጎማ ክብደት ይቀንስበታል። የቀኙ ዱካ ከተበላሸ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ተጎዳችሁ ማለት ነው። የድሮ ማስታንግና ካማሮ የሚሮጡ ሰዎች ከቀኙ የኋላ ሞላ ውስጥ በነፋስ የሚነፋ ከረጢት የሚያስገቡት ለዚህ ነው።

5. የጎማ ነፋስ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ሥሩ። ያለ ምንም ወጪ ትልቁን ለውጥ የምታገኙት ከዚህ ነው።

ተራ የመንገድ ጎማ ከሆነ የሚነዱትን ጎማዎች ከተለመደው 32 ፒኤስአይ ወደ 26 ገደማ ዝቅ በማድረግ ጀምሩ። ሮጡ፣ ከዙሩ በኋላ የሚሰጣችሁን የሰዓት ወረቀት እዩ፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ፒኤስአይ ብቻ ቀይሩ። የድራግ ራዲያል ጎማ (ለድራግ የተሠራ፣ መንገድ ላይም የሚነዳ) ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 20 ባለው ውስጥ ይሠራል። የድሮው ዓይነት ስሊክ (ጥርስ የሌለው የውድድር ጎማ) ከዚያም በታች ይወርዳል፣ እንደ መኪናው ክብደት። አምራቹ ካስቀመጠው ወለል በታች ግን አትውረዱ። የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ የፊቱን ቀንሱ፣ የኋላውን ወደ 40 ገደማ ከፍ አድርጉ። ስትነሱ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የኋላው ጠንከር ማለቱ ይጠቅማል።

ወጥ ባልሆነ ትራክ ላይ ዋናው ነገር ሁለቱ ጎማዎች እኩል መሆናቸው ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ነፋሱን ጥላ ውስጥ አስተካክላችሁ ሰልፍ ገባችሁ እንበል። ሰልፉ አንድ ሰዓት ፈጀ። የመኪናው ቀኝ ጎን በሙሉ ፀሐይ ላይ ነው፣ ግራው በራሱ ጥላ ውስጥ። የጎማው ሙቀት በ10 ፋራናይት በጨመረ ቁጥር ነፋሱ በአንድ ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። መነሻው ላይ ስትደርሱ አንዱ 20፣ ሌላው 22 ሆኗል። መኪናው ወደ ጎን ሲሄድ ትራኩን ትሰድባላችሁ፤ ትራኩ ግን የለበትም። ስለዚህ መለኪያውን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ከፊታችሁ ሦስት ያህል መኪና ሲቀር ወርዳችሁ እንደገና ለኩ።

6. የውሃው ቦታና በርንአውት (ከመነሳት በፊት ጎማን አሽከርክሮ ማጽዳትና ማሞቅ)

ከመጠጋታችሁ አስቀድሞ ኤሲውን አጥፉ። ሰልፉ ላይ እያላችሁ ነው ማጥፋት ያለባችሁ። ኤሲ ከመኪናው ሥር ውሃ ያንጠባጥባል፤ ያ ውሃ መነሻው ሙጫ ላይ ነጥብ ነጥብ ብሎ ይወርዳል። ወይም የራሳችሁ ጎማ ይረግጠዋል። ከኋላ የሚመጣው ሰውም ምን እንዳገኘው ሳያውቅ ይንሸራተታል።

ከመነሻው ኋላ ለበርንአውት ውሃ የሚፈስበት ቦታ አለ። የመንገድ ጎማ ያለው መኪና ውሃው ውስጥ መግባት የለበትም። የጎማው ጥርስ ውሃ ይዞ ይወጣል፣ ፓራፋንጎው ውስጥም ይረጨዋል። ከዚያ መነሻው ላይ ቆማችሁ ሳለ ከላይ ይንጠባጠባል። ዙሩትና ከውሃው ፊት ቁሙ። ትንሽ እርጥበት ከፈለጋችሁ ወደ ኋላ ብላችሁ ጎማውን ዳሩ ላይ ብቻ አስነኩት።

በርንአውቱ እንደ ጎማችሁ ዓይነት ይለያያል። ለተራ የመንገድ ጎማ ጠጠርና አቧራ እንዲያራግፍ ሁለት ሦስት ጊዜ መሽከርከሩ በቂ ነው። ጭስ በጭስ ማድረግ ለቪዲዮ ያምራል፣ ለሰዓት ግን አይጠቅምም። የመንገድ ጎማ ከመጠን በላይ ሲግል ይባሱን ይንሸራተታል። ድራግ ራዲያል ጭስ ማውጣት እስኪጀምር ብቻ በቂው ነው። ስሊክ ከዚያ ትንሽ ይበልጥ ይፈልጋል። ትራኩ ሲቀዘቅዝ ጨመር አድርጉ፣ ሲግል ቀንሱ። በየዙሩ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱን ዙር አጭር፣ አንዱን ረጅም ካደረጋችሁ ወረቀታችሁ ላይ ያለው ልዩነት የትራኩ ይሁን የእናንተ መለየት አይቻልም።

7. አነሳስ

መጥፎ ቦታው መነሻው ላይ ከሆነ የምትነሱበትን አርፒኤም (የሞተሩን ዙር በደቂቃ) ቀንሱ። በማኑዋል መኪና በ4,500 ትነሱ ከነበረ 3,500 ሞክሩ። ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ አትልቀቁት፣ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ግማሽ መንገድ ላይ ያዝ አድርጉት። በአውቶማቲክ ደግሞ ፍሬን ይዞ ሞተር ማስጮህን ተዉትና ከዝቅተኛ ዙር ተነስታችሁ ነዳጁን አከታትላችሁ ጨምሩ።

መጥፎው ቦታ ከመነሻው ወዲያ ከሆነ ግን አነሳሳችሁን አትንኩት። ይህን ሰዎች ይደባልቁታል። 30 ሜትር ላይ የተላጠ ቦታ ካለ፣ ጥያቄው እዚያ ስትደርሱ ምን እያደረጋችሁ ነው የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ የምትቀይሩት እዚያው አካባቢ ነው። ማርሽ ሲገባ ጎማው ላይ ምት ያርፋል። ያ ምት ከተላጠው ቦታ ጋር ከተገናኘ ጎማው ያመልጣል። ስለዚህ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቀይሩ፣ ወይም ቦታውን አልፋችሁ ቀይሩ። መኪናችሁ ተርቦ ካለውና ግፊቱ በየማርሹ የሚስተካከል ከሆነ የሁለተኛውን ማርሽ ግፊት ቀንሱ።

የመረጋጋት መቆጣጠሪያውስ? ለበርንአውት ይጠፋል። ለሩጫው ግን፣ ጀማሪ ከሆናችሁና መኪናው ላላ ያለ የስፖርት ደረጃ ካለው እሱ ላይ ተዉት። ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ጀግንነት አይደለም። አራቱንም ጎማ የሚነዱ መኪኖች ይህን ሁሉ ጣጣ በግማሽ ይቀንሱታል፤ ሱባሩ ያላችሁ ደስ ይበላችሁ።

8. ጎማው ሲያመልጥ

ጎማው ካመለጠ ነዳጁን ላላ አድርጉ። ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ሳይሆን ላላ ማድረግ። ጎማው እንደያዘ መልሳችሁ ጨምሩ። መሪውን በትንሹ አቃኑ። በደንብ ከተሠራ የምታጡት ጥቂት ነው፤ አጠገባችሁ ያለውም ትራኩ ላይ ተቸግሮ ከሆነ ልታሸንፉትም ትችላላችሁ።

ፍሬን አትርገጡ። ፍሬን ሲረገጥ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ቀድሞውንም ያመለጠው የኋላ ጎማ ጭራሽ ይቀልላል። ያኔ መኪናው ይዞራል።

ስሊክ ያላቸው መኪኖች ሌላ ነገርም ይገጥማቸዋል። ጎማው እየተጠቀለለና እየተፈታ መኪናውን ከሥር ይንጠዋል። ዓይን እስኪደበዝዝ የሚያንቀጠቅጥ ነው። በዚህ መሐል ረግጦ ማለፍ መኪና ይሰብራል። ነዳጁን ልቀቁ፣ ንዝረቱ ሲቆም እንደገና ስጡት።

መኪናው ወደ መሐል መስመሩ ወይም ወደ ግድግዳው ካዘነበለና በአንድ ማቃናት ካልተመለሰ ዙሩ አብቅቷል። ነዳጁን ለቃችሁ በራሱ እንዲረጋ ተዉት። መሐል መስመሩን ማለፍ በውድድር ላይ ከቀይ መብራት (ከምልክቱ ቀድሞ ከመነሳት) የከፋ ጥፋት ነው፤ ከዚያ ይልቅ ደግሞ ማዶ ሰው አለ።

9. ወረቀቱን አንብቡ

መጨረሻ ላይ የሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ ሰው የሚያየው የታችኛውን ቁጥር ነው። ወርቁ ያለው ከላይ ነው፦ 60 ጫማ (18 ሜትር ገደማ)፣ 330 ጫማ፣ 660 ጫማ፣ 1000 ጫማ፣ ሩብ ማይል። እነዚህ ሰዓቶች የተደመሩ ናቸው። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ቀንሱ።

መግቢያው ላይ ያነሳኋትን መኪና እንውሰድ። በግራው መስመር 60 ጫማን በ1.95፣ 330ን በ5.60፣ 660ን በ8.65፣ ሩብ ማይሉን በ13.41 አለፈች። በቀኙ 1.94፣ 5.78፣ 8.86፣ 13.67። መነሻው እኩል ነው፤ እንዲያውም ቀኙ በአንድ መቶኛ ይሻላል። ከ60 እስከ 330 ጫማ ግን ግራው 3.65፣ ቀኙ 3.84 ፈጅቷል። እዚህች ጋ ብቻ 0.19 ሰከንድ ጠፋ። ከዚያ በኋላ 3.05 እና 3.08፣ ከዚያ 4.76 እና 4.81። ይህ በኋላ የመጣው ትንሽ ልዩነት አዲስ ችግር አይደለም፤ ያኔ የጠፋው ፍጥነት ዕዳ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ከ18 ሜትር እስከ 100 ሜትር ባለው ውስጥ ነው። የጎማ ነፋስ መቀነስም፣ የመነሻ አርፒኤም መቀነስም እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚነካ ነገር አይደለም። የማርሽ መቀየሪያውን ቦታ ቀይሩ፣ ወይም መስመሩ ውስጥ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ብላችሁ ተነሱ። አንዱን ብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ አይሆንም።

ችግሩ 60 ጫማው ላይ ከሆነ ደግሞ በደንብ ተጠንቀቁ። መነሻው ላይ የጠፋ አንድ አሥረኛ ሰከንድ መጨረሻው ላይ አንድ አሥረኛ ሆኖ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ተኩል ወይም ሁለት አሥረኛ ያድጋል።

ደብተሩ ላይ ከሰዓቱ ጋር እነዚህን ጻፉ፦ መስመሩን፣ የቀኑን ሰዓት፣ የትራኩን ሙቀት፣ የሁለቱን ጎማ ነፋስ፣ የተነሳችሁበትን አርፒኤም፣ የት እንዳመለጣችሁ። ያመለጣችሁበትን ወረቀት አትጣሉ። ከሁሉ የሚያስተምረው እሱ ነው።

10. ሰዓት ተናግሮ መወዳደር

መኪናው በስንት እንደሚገባ አስቀድሞ ተጽፎ የሚሮጥበት ውድድር ላይ ከገባችሁ፣ ለሁለቱ መስመር አንድ ቁጥር አትጻፉ። ቀኙ በተደጋጋሚ አምስት መቶኛ የሚበላ ከሆነ ቀኝ ስትሮጡ ያንን ጨምራችሁ ጻፉ። ከጻፋችሁት በታች ከገባችሁ ትሸነፋላችሁ። ትራኩ ማታ ሲሻሻል ይህ በቀላሉ ይደርሳል።

እዚህ ጨዋታ ላይ የሚያሸንፈው ፈጣኑ መኪና አይደለም፣ የማይቀያየረው ነው። ስለዚህ ትራኩ ሲበላሽ ሆን ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ተነሱ። በየዙሩ 2.10 የሆነ 60 ጫማ፣ አንዴ 1.90 አንዴ 2.30 ከሚሆን እጅግ ይሻላል።

11. ሲመሽ

ፀሐይ ስትጠልቅ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ሞተሩ ይበልጥ ይጎትታል። ትራኩም ለጥቂት ጊዜ በጣም ጥሩ ይሆናል። የቀኑ ምርጥ ሰዓት የሚገባው ያኔ ነው። ስለዚህ ጥሩ ነዳጃችሁንና ትዕግሥታችሁን ለዚያ አቆዩ።

ከዚያ በኋላ ግን ጤዛ አለ። የትራኩ ሙቀት ወደ ጤዛ ነጥብ ሲወርድ በዓይን የማይታይ እርጥበት ሽፋኑ ላይ ያርፋል። ይህ ሁሉንም ቦታ እኩል አይነካም። አጥር ሥርና ሣር አጠገብ ያለው መስመር ቀድሞ ሊረጥብ ይችላል። ስልካችሁ ላይ የጤዛ ነጥቡን እዩ። ከትራኩ ሙቀት ጋር በጥቂት ዲግሪ ከተቀራረበ፣ ወይም የቆመ መኪና ፓርብሬዝ መላብ ከጀመረ በቃ። ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ያቆሙታል። ባያቆሙትም እናንተ አቁሙ።

በባሕር አጠገብ ያሉት የባሕረ ሰላጤ ትራኮች ላይ ይህ ይበልጥ ይከፋል። ውድድሩ ሙቀት ሽሽት ማታ ነው የሚደረገው። እርጥበቱ ከስስ አሸዋው ጋር ሲቀላቀል ጎማው የሚይዘው ነገር ያጣል።

ከግቢው ሳትወጡ ጎማውን መልሳችሁ ወደ 32 ወይም በር ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ሙሉ። በ20 ፒኤስአይ አውራ ጎዳና ላይ መውጣት ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል። ፓራፋንጎው ውስጥ የተለጠፈውን የትራክ ጎማም ሳይደርቅ አንሱት፤ ነገ ከሆነ በቢላ ነው የሚለቀው።